ከከተማ ክልል ውጭ ቤት መግዛትና የቧንቧ ሕግ ታሪክ

እዚህ አሜሪካ በከተማ የቤት ዋጋ አልቀመስ ሲል ወደ ገጠሩ የሚያማትሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። «እዚያ ማዘጋጃ ቤት የለም፤ ለቧንቧ ሥራ ፈቃድ አምጣ የሚልዎትም የለም» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎት፣ ደስ ከመሰኘትዎ በፊት ይህ ፈቃድ የሚሉት ነገር ከምን እንደመጣ ቢያውቁ ይጠቅምዎታል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የቧንቧ ሕግ የከተማ ልጅ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሌራና ታይፎይድ የተጨናነቁትን ከተሞች ሲፈጁ፣ ሐኪሞችና መሐንዲሶች የመጠጥ ውሃና የፍሳሽ ነገር እንዲታሰብበት ወተወቱ። በ1881 የወጣው የኒውዮርክ ግዛት ሕግ በኒውዮርክና በብሩክሊን የሚሠሩ የቧንቧ ሠራተኞች እንዲመዘገቡ፣ የሥራቸውም ንድፍ አስቀድሞ ለጤና ቦርድ እንዲቀርብ አዘዘ። ዛሬ ፈቃድ የምንለው ነገር አንዱ ሥሩ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ከተማው ሁሉ የየራሱን ደንብ በማውጣቱ ነገሩ ተዘበራረቀ። በ1920ዎቹ የንግድ ሚኒስትር የነበሩትና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኸርበርት ሁቨር ለመኖሪያ ቤቶች የሚሆን ዝቅተኛ መስፈርት በኮሚቴ አስጠኑ። የ1928ቱ እትም «የሁቨር ኮድ» ተባለ። ምክር እንጂ ግዴታ ግን አልነበረም።

የቸልተኝነት ዋጋ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1933 ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ስታስተናግድ፣ በሁለት ሆቴሎች በተበላሸ የቧንቧ አሠራር ምክንያት ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቀለ። እኛ ከአገር ቤት የምናውቀው አሜባ ከ1,400 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ 98ቱ ሞቱ።

ገጠሩስ? በከተማነት ያልተቋቋመ አካባቢ የራሱ ምክር ቤት ስለሌለው ጉዳዩ የካውንቲው ወይም የግዛቱ ነው፤ የካውንቲ ሥልጣን ደግሞ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቴክሳስ የካውንቲዎች ደንብ የማውጣት ሥልጣን ጠባብ ስለነበር፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነጋዴዎች በሜክሲኮ ድንበር አቅራቢያ ውሃም ሆነ የፍሳሽ መስመር የሌለውን መሬት እየሸነሸኑ ለድሆች በዱቤ ሸጡ። እነዚህ ሰፈሮች «ኮሎኒያ» ይባላሉ። ገዢው ዕዳውን ከፍሎ እስኪጨርስ የባለቤትነት ወረቀት አይሰጠውም ነበር፤ ክፍያ ካቋረጠም መሬቱንና በላዩ የሠራውን ቤት ሊያጣ ይችል ነበር። ግዛቱ በ1989 ለነዚህ አካባቢዎች የውሃና የፍሳሽ ሥራ የሚሆን የገንዘብ ፕሮግራም አቋቋመ፤ በ1995 ደግሞ በድንበሩ አካባቢ እንዲህ ያለው ሽያጭ እንዲገታ ሕጉን አጠበቀ። ለብዙዎቹ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባቸው።

እንግዲህ «ማዘጋጃ ቤት የለም» ማለት «ሕግ የለም» ማለት አይደለም። የቤት ውስጥ ቧንቧ ቁጥጥር በላላበት ሥፍራ እንኳ ሴፕቲክ ታንክ ለመቅበር አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው ወይም የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የ1974ቱ የፌዴራል የመጠጥ ውሃ ሕግም የአንድን ቤተሰብ የግል ጉድጓድ አይመለከትም፤ ውሃውን ማስመርመር የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉ። የሴፕቲኩ ፈቃድ በመዝገብ መኖሩን ይጠይቁ፤ የጉድጓዱንም ውሃ ያስመርምሩ። ያቺ ወረቀት የቢሮ ጣጣ ብትመስልም ከጀርባዋ የብዙ ሰው ሕይወት አለ።