ኮሶ፦ የመንገደኛ ስንቅና የመርካቶ ንግድ

ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ጤናው አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት የሚያስተምረው ልማድ በኢትዮጵያ ከክትባት ካርድና ከአውሮፕላን ጉዞ በፊት የነበረ ሲሆን፣ ይህን ልማድ አጉልቶ የሚያሳየው የኮሶ ታሪክ ነው። ኮሶ የሚለው ስም በደጋ የሚበቅለውን ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀውን መራራ መድኃኒትና በጥሬ ሥጋ ወደ አንጀት የሚገባውን ጥብጣብ መሰል ትል ሁሉ ያመለክታል፤ በሽታውና መድኃኒቱ በአንድ ስም መጠራታቸውም ሁለቱ በሕዝቡ ኑሮ ምን ያህል ተቆራኝተው እንደኖሩ ይመሰክራል።

ቁርጥና ብርንዶ በሚበላበት አገር ትሉ ደጋግሞ ስለሚይዝ፣ ኮሶ መጠጣት የታመመ ሰው ብቻ የሚያደርገው ሳይሆን ወቅት ጠብቆ የሚፈጸም የኑሮ ሥርዓት ነበር። ደርቆ የቀላው የሴቴው ዛፍ አበባ ተወቅጦ በጠላ ወይም በውኃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የጠጣውም ሰው ትሉ እስኪወጣለት ድረስ ከሰው ተሰውሮ ቤቱ ይውላል። ምሬቱ እጅግ ብርቱ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ የመረረ ነገር ሁሉ “እንደ ኮሶ መረረ” ይባላል።

በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደርሶ በኋላ በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ በጠላ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ ከገለጸ በኋላ፣ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ርቀው የማይሄዱት፣ ቢሄዱም ዕድሜያቸው የሚያጥረው ይህ መድኃኒት በውጭ ስለማይገኝ ነው ሲባል መስማቱን ጽፏል። የኮሶ ትል ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያሰቃይ እንጂ የሚገድል ስላልሆነ አባባሉ የተጋነነ ነው፤ ሆኖም የዘመኑ ሰዎች መድኃኒትን ከጉዞ ጋር አያይዘው፣ ጉድለቱንም እንደ ስንቅ ጉድለት ቆጥረው ያዩት እንደነበር ያስረዳል።

ውሎ አድሮ መድኃኒቱ ራሱ መንገደኛ ሆነ። በቁስጥንጥንያ የኖረው ፈረንሳዊው ሐኪም ብራየር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የኮሶን ፈዋሽነት ለአውሮፓ ሐኪሞች አስተዋወቀ፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኩንትም ተክሉን በእርሱ ስም ሰየመው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጣው ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩርም ብዙ ኮሶ ወደ አገሩ ይዞ ተመለሰ። በዚህ መንገድ የደጋው አበባ በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ አገኘ።

በአገር ቤት ደግሞ መድኃኒቱ በገበያ ይሸጥ ነበር። በአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። የጣልያን ወራሪ በ1928–1933 ዓ.ም. ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ፕላን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ስፍራ ስላዛወረው መርካቶ ተመሠረተ። በመርካቶ ገበያው በየተራው ተከፋፍሎ ሲደራጅ፣ የባህል መድኃኒት ሻጮችም የደረቀውን የኮሶ አበባ ለተመሳሳይ ሕመም ከሚውሉት ከእንቆቆ፣ ከመተሬና ከቀጨሞ ጋር ጎን ለጎን አቅርበው ቸረቸሩ። በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጣው መንገደኛ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በሚሸምትበት ገበያ፣ የሆዱንም መድኃኒት ያገኝ ነበር።

ይህ ታሪክ ግን ሊደበቅ የማይገባው ሌላ ገጽ አለው። ኮሶ ልኩ ካለፈ መርዝ ነው፤ ከመጠን በላይ የወሰዱ ሰዎች የዓይን ነርቫቸው ተጎድቶ እስከ መታወር እንደደረሱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በእፍኝና በስኒ የሚለካ መድኃኒት ጥንካሬው ከአበባ ወደ አበባ ስለሚለያይ፣ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት፣ መጠናቸው ተመዝኖ የሚሰጡት የፋርማሲ መድኃኒቶች ቦታውን መውሰዳቸው ተገቢ ነበር።

የመንገደኛው ስጋትም ከዘመኑ ጋር ተለውጧል። በ1960–1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል፤ ዛሬም ብዙ አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የክትባቱን ምስክር ወረቀት፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ይጠይቁታል። በ1987 እ.ኤ.አ. በሐጅ ወቅት በመካ የተነሣው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተመላሾች አማካይነት ወደ ሌሎች አገሮች ከተዛመተ በኋላም ለሐጅ ተጓዦች ክትባቱ ግዴታ ሆኗል፤ ስለዚህ በመርካቶ በአንዋር መስጊድ አካባቢ የሚኖረው የሐጅ ተጓዥ ከኢሕራም ልብሱ ጋር የክትባት ማስረጃውንም ያዘጋጃል።

የኮሶ ዘመን ሰዎች በሽታቸውን ያውቁ፣ መድኃኒቱንም ለይተው በጊዜው ይወስዱ ነበር፤ የጎደላቸው የመጠኑ እውቀት ነበር። የዛሬው መንገደኛ ጥንቃቄያቸውን ከእነርሱ ወርሶ፣ ልኩን ከሐኪም ይጠይቅ፤ ከመነሣቱ በፊትም በቂ ጊዜ ሲቀረው ክትባቱን ይከተብ፣ ዘወትር የሚወስደውንም መድኃኒት ከማዘዣው ጋር ከስንቁ ያኑር።