ኮምፒውተር ራሱን ሲያቆም፦ ስለማይታገደው የአደጋ ጥሪ

በኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተገልጋይ ተሰልፎ ሳለ ኮምፒውተሩ በድንገት ሰማያዊ ገጽ፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ጥቁር ገጽ አሳይቶ ይቆማል። ጸሐፊው ያማርራል፤ ተሰላፊው ያጉረመርማል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ይበራና ሥራው ይቀጥላል። በገጹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። የዚህ ዓይነቱ መቆም መነሻ ብዙ ጊዜ የፕሮግራም ጉድለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ከራሱ ከመሣሪያው አካል የመጣ የአደጋ ጥሪ ይሆናል።

የኮምፒውተር አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ትእዛዞችን በተራ እየተቀበለ ይፈጽማል። የፊደል ገበታው ሲነካ ወይም ከኔትወርክ መልእክት ሲደርስ የያዘውን ሥራ ለአፍታ ትቶ እንዲያስተናግድ የሚጠይቅ ምልክት ይላክለታል። ይህ ምልክት ማቋረጫ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ጥብቅ ሥራ ላይ ከሆነ ተራ ማቋረጫዎችን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆያቸው ይችላል። የማይታገደውን ማቋረጫ ግን ሊያቆየው አይችልም። በደቦ አጨዳ ላይ ያለ ሰው ውኃ አቀብለኝ የሚለውን “ቆየኝ፣ ይህቺን ነዶ ልሰር” ይለዋል፤ ከመንደር ኡኡታ ሲሰማ ግን ማጭዱን ጥሎ ይሮጣል።

በኢንቴል እና መሰል ፕሮሰሰሮች የማቋረጫዎች ሁሉ አድራሻ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይመዘገባል። የማይታገደው ማቋረጫ ቁጥር 2 ነው። ፕሮሰሰሩ በራሱ ወይም በማኅደረ ትውስታው ላይ ብልሽት ሲያገኝ የሚያሰማው “ማሽን ቼክ” የተባለው ጥሪ ደግሞ ቁጥር 18 ነው። ጥሪው ሲነሳ ፕሮሰሰሩ የት እንደደረሰ መዝግቦ በዚያ አድራሻ ወደተዘጋጀው የአደጋ ጊዜ ፕሮግራም ይዘልላል።

የዚህን ፕሮግራም ሥራ አስቸጋሪ የሚያደርገው የቆመበት መሬት ራሱ የሚያጠራጥር መሆኑ ነው፤ የተበላሸው ማኅደረ ትውስታ እርሱ ራሱ የተቀመጠበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጭር መሆን፣ በሌሎች ፕሮግራሞች አለመተማመንና ፕሮሰሰሩ ስለ ብልሽቱ የጻፈውን መዝገብ ቶሎ ማንበብ አለበት። ከዚያ ይፈርዳል። ስሕተቱ ታርሞ ከሆነ መዝግቦ ያልፋል። ካልታረመና ጉዳቱ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ያንን ፕሮግራም ዘግቶ የተበላሸውን የማኅደረ ትውስታ ክፍል ከአገልግሎት ያስወጣል። ጉዳቱ የት ድረስ እንደዘለቀ ማወቅ ካልተቻለ ግን ሁሉንም ያቆማል። ይህ ሁሉ ሳይጠናቀቅ ሁለተኛ የማሽን ቼክ ጥሪ ቢነሳ ፕሮሰሰሩ የማንንም ፕሮግራም ውሳኔ ሳይጠብቅ ሥራውን ያቆማል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ለየ8 ቢቱ አንድ መቆጣጠሪያ ቢት ነበረው። ቁጥሩ ካልገጠመ በማይታገደው ማቋረጫ ጥሪ ያሰማና መልእክት ጽፎ ይቆም ነበር። በ1990ዎቹ ብዙ አምራቾች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ይህንን መቆጣጠሪያ ከግል ኮምፒውተሮች አወጡት። ማሽኖቹ ረከሱ፤ መቆማቸውም ቀነሰ። ስሕተቱ ግን አልቀነሰም፤ የሚናገረው ጠፋ እንጂ።

ዝምታው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቤልጅየም ውስጥ ታይቷል። በግንቦት 2003 በብራስልስ ስካርቤክ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክ ምርጫ አንዲት ተወዳዳሪ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ ተመዘገበላት። ድምፁ እንደገና ሲቆጠር ትርፉ በትክክል 4096 ሆነ። ይህ ቁጥር 2 ለ12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ በሌላ አነጋገር አንድ ቢት ከ0 ወደ 1 ተገልብጧል ማለት ነው። በፕሮግራሙ ላይ ስሕተት ተፈልጎ አልተገኘም። ማሽኑም አልቆመም። ቁጥሩ ከሚቻለው በላይ ባይሆን ኖሮ ማን ያስተውለው ነበር?

ቢት የሚገለበጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢንቴል ተመራማሪዎች በቺፕ መሸፈኛ ውስጥ ያለ ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይህን እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ከሕዋ የሚመጣ ጨረርም ያደርገዋል፤ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ ይበረታል። ደጋ ላይ ለምንኖር ይህ የሚያሳስብ ቢመስልም ከምድር ወገብ አቅራቢያ የምድር መግነጢሳዊ ኃይል ብዙውን ይመልሰዋል። እኛን ይበልጥ ሊያስጨንቀን የሚገባው አቧራ፣ ሙቀትና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ነው።

ገጹ ሲመጣ በቅድሚያ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል። በዊንዶውስ መጨረሻው 124 የሆነ የስሕተት ቁጥር የሃርድዌር ብልሽትን ያመለክታል፤ ፕሮግራም አጥፍቶ መጫን ይህንን አይፈውስም። ማሽኑ ሲነሣ የመጨረሻዎቹን ግቤቶች፣ ለምሳሌ የማዳበሪያ ዕደላ መዝገብን፣ ከወረቀት ደረሰኝ ጋር ማመሳከርና መረጃውን በሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ገመዱን ነቅሎ አቧራውን ማጽዳት፣ የራም ካርዱን አውጥቶ በትክክል መመለስ፣ ማራገቢያው መዞሩን ማየትና ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የማኅደረ ትውስታ መመርመሪያ ማስኬድ ነው። ችግሩ ከተደጋገመ ያ ማሽን የገንዘብ መዝገብ ሊያዝበት አይገባም።

አዲስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ለዋና የመረጃ ቋቱ ኢሲሲ የተባለውን ማኅደረ ትውስታ ይጠይቅ። ይህ ለየ64 ቢቱ 8 መቆጣጠሪያ ቢት ይዞ የአንድ ቢትን ስሕተት ያርማል፤ ሁለት ቢት ሲሳሳት ደግሞ ማረም ባይችልም ጥሪ ያሰማል። ዋጋው ከተራው ራም ከፍ ይላል። ፕሮሰሰሩና ዋናው ቦርድም የሚቀበሉት መሆናቸውን ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ያሻል፤ አለበለዚያ ካርዱ ቢሰካም ስሕተት አያርምም።