ከአዲስ አበባ እስከ ታቦር ግርጌ፦ የባለሥልጣናት ፍርድ ዜና

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ካለቀ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት ስለ አስተዳደራቸው ይጠየቁ ዘንድ መርማሪ ኮሚሽን ቆመ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡን ያወረደው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት በዐዋጅ አቋቋመ። ነገር ግን ያ ችሎት ሳያያቸው፣ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፣ አክሊሉና በጠቅላይ ሚኒስትርነት የተኳቸው ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ያሉባቸው ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ጥፋተኞች ስለ ነበሩ ይገባቸዋል ያለ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ከሁሉ ይልቅ የተበደለው የወሎ ረሃብተኛ ነው እላለሁ፤ ረሃቡን ማን እንዳወቀ፣ ማን እንደሸሸገ በችሎት የሚመልሱለት ሰዎች አብረው ተቀብረዋልና።

ደርግም በተራው ወደቀ፤ ነሐሴ 2 ቀን 1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተመሠረተ። የዚህ ዐዋጅ ብልኀት ከሳሹን ልዩ አድርጎ ዳኛውንና ሕጉን ነባር መተዉ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ችሎቱ ሲከፈት ተከሳሾቹ የተጠየቁት ንጉሡ ራሳቸው ባወጁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር፤ ማስረጃውም በአብዛኛው ደርግ በገዛ እጁ የጻፈውና ያኖረው ደብዳቤ ነው። ከክሶቹም አንዱ የእነዚያ ስድሳ ሰዎች ግድያ ስለ ሆነ፣ ችሎት የተነፈጋቸው ሟቾች በገዳዮቻቸው ፍርድ ውስጥ ስማቸው ተነሣ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ዚምባብዌ የተሸሸገው የደርግ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት፣ ከሌሎቹም ብዙዎቹ በአካል ቀርበው፣ በዘር ማጥፋት ጥፋተኞች ተባሉ። በየአውራጃው የተፈጸመውም በክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በውክልና ታየ፤ የደቡቡ መቀመጫ በታቦር ተራራ ግርጌ ያለችው ሐዋሳ ነበረች።

አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ክርክር ፍርድ አይባልም የሚሉ አሉ። ክስ ሳይመሠረትባቸው ለዓመታት የታሰሩ ነበሩና ነቀፋው እውነት አለው። ይሁን እንጂ በደሉ የመጣው ሰው ሳይመረመር ከመታሰሩና ከዳኛ እጥረት ነው፤ ክርክሩ ከመሰማቱ አልመጣም። ከዳኞቹ አንዱ በዘር ማጥፋቱ ድምዳሜ አልስማማም ብሎ ልዩነቱን መጻፉ፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ የተወሰነውም የሞት ፍርድ በ2003 ዓ.ም. ለታሰሩት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጡ፣ ያው ዝግታ የሰጠው ነው።

የአሸናፊ ፍርድ ነው ለሚለው ተቃውሞ ግን የምሰጠው መልስ የለኝም፤ ከታቦር ብዙም ሳይርቅ ማስረጃው አለና። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን አስተዳደር ለመለወጥ የታሰበውን ተቃውመው ሎቄ ላይ በሰልፍ የወጡ ሲዳማዎች በመንግሥት ኃይሎች ጥይት ወደቁ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ በዚያ ዓመት ሥራ ላይ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን በደርግ ዘመን የተሠራውን ወንጀል ብቻ የሚመለከት ስለ ሆነ የሎቄን መዝገብ ሊከፍት አልቻለም፤ ለእነርሱም ሌላ አልተሾመላቸውም።