ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ (ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ)

ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ የሚባለው ከኃይል ማመንጫ ወይም ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለይቶ፣ ጨምቆ፣ ከምድር በታች በጥልቅ አለት ውስጥ የማኖር ሥራ ነው። ጋዙ አየር ላይ ከተበተነ በኋላ መልሶ መልቀም እጅግ ስለሚከብድ ሥራው የሚጀመረው ጭሱ ገና ሳይወጣ ነው። ከቴፒ እስከ ያዩ ባለው የቡና አገር እንዲህ ያለ ተከላ የለም። ሆኖም አካባቢው በሁለት በኩል ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል፦ በያዩ ከቡናው ደን ጎን የድንጋይ ከሰል አለ፤ በሸካ፣ በከፋና በማጃንግ ደግሞ ዛፎቹ ራሳቸው ካርቦን ይዘው የቆሙባቸው ሰፋፊ ደኖች አሉ። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ

በብዛት የሚሠራበት መንገድ ጭሱን አሚን በሚባል ኬሚካል ማጠብ ነው። ጭሱ ከማማው ሥር ገብቶ ሽቅብ ሲወጣ አሚኑ ከላይ ይወርድበትና በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጋዙን ይይዛል። ከዚያ አሚኑ ወደ ሌላ ማማ ተዛውሮ እስከ 120 ዲግሪ ሲሞቅ የያዘውን ይለቃል፤ ቀዝቅዞም ወደ ሥራው ይመለሳል። የተለየው ጋዝ ከ100 ባር በላይ ተጨምቆ በቧንቧ ይጓዛል። ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ፤ አንደኛው ከሰሉን አስቀድሞ ወደ ጋዝ ለውጦ ካርቦኑን ከማቃጠል በፊት መለየት ነው፤ ሁለተኛው በአየር ፈንታ በንጹሕ ኦክስጅን ማቃጠል ነው።

የቀደምትነት ክርክር

የመጀመሪያው ተከላ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ጸሐፊዎች አንድ መልስ የላቸውም። ልዩነቱ የሚመጣው «መያዝ» የሚለውን ቃል እያንዳንዱ በየፊናው ስለሚተረጉመው ነው።

የአሚን እጥበት በራሱ አሮጌ ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ቦተምስ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1930 ሲሆን ዓላማውም ጋዞችን ከድብልቅ መለየት እንጂ የአየር ንብረት አልነበረም። በ1972 በቴክሳስ ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ የተለየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ነዳጅ ጉድጓድ መርጨት ተጀመረ፤ ይህም የተደረገው የቀረውን ድፍድፍ ገፍቶ ለማውጣት ነው። ብዙ የነዳጅ ኩባንያ ጽሑፎች ታሪኩን ከዚህ ይጀምራሉ።

ከከሰል ጭስ መያዝን ለብቻው ከወሰድን ግን ቀደምትነቱ በካሊፎርኒያ ትሮና በተባለች ከተማ ለሚገኝ የማዕድን ፋብሪካ ይሰጣል። ፋብሪካው ከ1978 ጀምሮ ከራሱ የከሰል ማሞቂያ ጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለየ ከደረቀ ሐይቅ ሥር በሚቀዳ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ምርቱም ሶዳ አሽ ነው። በስምጥ ሸለቆ በአብያታ ሐይቅ ዳር የሚመረተውን ሶዳ አሽ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቅርብ ነው፤ አብያታ ላይ ውኃውን የሚያተነው ፀሐይ ሲሆን ትሮና ላይ ሥራው በተያዘ ጋዝ ይታገዛል። የትሮናው ጋዝ ከምድር በታች ስላልተቀበረ አንዳንዶች ከቁጥር ያስወጡታል። በዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ እምነት ይህ አግባብ አይደለም፤ ከሰል ከሚነድበት ጭስ ጋዙን መለየት በንግድ ደረጃ እንደሚቻል ያሳየው እሱ ነውና።

ጋዙን ለአየር ንብረት ሲባል ማስወገድ የሚለውን ሐሳብ በ1977 በጽሑፍ ያቀረበው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማርኬቲ ነው። በተግባር ግን ኖርዌይ ቀደመች። አገሪቱ በ1991 በባሕር ላይ ነዳጅ አውጪዎች ላይ የካርቦን ግብር ጣለች፤ በ1996 ስላይፕነር በተባለው የጋዝ መስክ ከጋዙ የሚለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ መቅበር ተጀመረ። በኃይል ማመንጫ ደረጃ በሙሉ መጠን የተሠራው የመጀመሪያ ተከላ በካናዳ ሳስካችዋን የሚገኘው ባውንደሪ ዳም ሲሆን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2014 ነው።

ወጪ

ዋናው እንቅፋት ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም የሚያልቀው በሙቀት ላይ ነው። በከሰል ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ12 እስከ 15 በመቶ፣ በተፈጥሮ ጋዝ ጭስ ውስጥ ደግሞ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ጋዙ በሳሳ ቁጥር መልቀሙ ይወደዳል። አሚኑን የሚያሞቀው እንፋሎት ከተርባይኑ ይጠለፋል፤ መጭመቂያውም መብራት ይበላል። በዚህ የተነሳ ማመንጫው ወደ መረቡ ይልክ ከነበረው ኃይል ከአምስት እጁ አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለራሱ ያስቀራል። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደ ኃይል ማመንጫና ሲሚንቶ ካሉ የሳሳ ጭስ ካላቸው ቦታዎች አንድ ቶን ለመያዝ ከ40 እስከ 120 ዶላር ይጠይቃል ሲል ገምቷል። ማጓጓዣና መቅበሪያው ለብቻው ይከፈላል።

ባውንደሪ ዳም ወደ 1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ፈጅቶ 110 ሜጋ ዋት ገደማ ለመረቡ ይሰጣል። በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ይይዛል ተብሎ ቢታቀድም አብዛኞቹን ዓመታት ከዚያ በታች ነው ያሳለፈው። በቴክሳስ የሚገኘው ፔትራ ኖቫ በ2017 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ወጪው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ለአሚኑ የሚያስፈልገው እንፋሎት ከዋናው ማመንጫ እንዳይጠለፍ ለብቻው ሌላ የጋዝ ማመንጫ ተሠርቶለታል። የያዘው ጋዝ የሚሸጠው ለነዳጅ ጉድጓድ ስለነበር በ2020 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ቆመ፤ እንደገና የተነሳው በ2023 ነው። ከሁሉም የከፋው በሚሲሲፒ የተጀመረው ኬምፐር ነው። መጀመሪያ ከ3 ቢሊዮን ዶላር ያልበለጠ ዋጋ ተገምቶለት ወጪው 7.5 ቢሊዮን ከደረሰ በኋላ በ2017 ከሰሉ ቀርቶ በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ።

አሜሪካ በ2022 ባወጣችው ሕግ ከጭስ ተይዞ ከምድር በታች ለሚቀበር እያንዳንዱ ቶን እስከ 85 ዶላር የግብር ቅናሽ ትሰጣለች። ይህ አኃዝ ከታች በወላይታ ስላለው የሁምቦ ደን ሲነገር ተመልሶ ይነሳል።

አደጋ

የተጨመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያመልጥ ወደ ቆላው ይተኛል። በነሐሴ 1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ ሥር በተፈጥሮ የፈነዳ ጋዝ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በየካቲት 2020 በሚሲሲፒ ሳታርሺያ አቅራቢያ ይህን ጋዝ የሚያጓጉዝ ቧንቧ ፈንድቶ ከ40 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

በኢትዮጵያ

አገሪቱ መብራቷን ከ90 በመቶ በላይ የምታገኘው ከውኃ ነው። ግልገል ጊቤ፣ ጊቤ 3 እና በመስከረም 2025 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጭስ ማውጫ የላቸውም። በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብሎ ሲቆጥር የኃይል ዘርፉን ድርሻ በ3 በመቶ ዙሪያ ያስቀምጠዋል፤ የደን ጭፍጨፋና መመናመን ድርሻ ግን ከሲሶው ይበልጣል። ስለዚህ በጭስ ማውጫ ላይ ብቻ የተመሠረተ የካርቦን ታሪክ ለኢትዮጵያ ጠባብ ነው።

የመያዣ ተከላ ቢመጣ ቅርብ የሚሆነው ሲሚንቶ ነው። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚበልጠው ክፍል የሚወጣው ከማገዶው ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ስለሆነ ከሰሉን በሌላ ማገዶ መተካት አይበቃም። በኖርዌይ ብሬቪክ በ2025 የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ተከላ በዓመት 400,000 ቶን እንዲይዝ ተሠርቷል።

ያዩ

ያዩ በኦሮሚያ ክልል በኢሉ አባ ቦራ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። በገባ ወንዝ ዙሪያ ያለው ደኑ የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ስለሆነ ዩኔስኮ በ2010 ከከፋ ጋር በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ስፋቱ ወደ 167,000 ሄክታር ሲሆን ምንም እንዳይነካ የተከለለው እምብርቱ 28,000 ሄክታር ያህል ነው። ስለ ዕፀዋቱ በሰፊው የጻፉት ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ናቸው።

በዚሁ ወረዳ የድንጋይ ከሰል አለ። ከሰሉን ወደ ጋዝ ለውጦ ማዳበሪያ ለማምረት የታሰበው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ በ2012 ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ዕቅዱ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ማምረትና ጎን ለጎን 90 ሜጋ ዋት መብራት ማመንጨት ነበር። ሥራው ተጓቶ ውሉ ተቋረጠ፤ ፋብሪካውም ወደ ምርት አልገባም።

ለዚህ መጣጥፍ ያዩ የሚጠቀሰው በኬሚስትሪው ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አንድ ቶን ዩሪያ 0.73 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። ስለዚህ ማንኛውም የዩሪያ ፋብሪካ፣ ባለቤቱ ስለ አየር ንብረት ቢያስብም ባያስብም፣ የካርቦን መያዣ አለው። የያዩ 300,000 ቶን ቢመረት ኖሮ 220,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከማዳበሪያው ጋር ይታሰር ነበር። ይህ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ከከሰል አሞኒያ ሲሠራ የሚወጣው ጋዝ ዩሪያው ከሚወስደው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ዩሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ እርጥበት ሲያገኝ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይለቃል። አዘጋጁ «ተያዘ» የሚለውን ቃል በዚህ ቦታ መጠቀም አይወድም፤ ጋዙ የሄደው ከፋብሪካው እስከ በቆሎ ማሳው ድረስ ብቻ ነው። በ2025 መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ እንዲሠራ የተስማማበት በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካም ሲጠናቀቅ በዚሁ ሒሳብ 2.2 ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝ ይወስዳል፤ የሚለቀውም በዚያው መንገድ ነው።

ባሳልት

በአይስላንድ ካርብፊክስ የተባለው ሥራ በውኃ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ባሳልት ውስጥ በመርጨት ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ 95 በመቶው ወደ ድንጋይነት እንደተለወጠ በ2016 አስታውቋል። የኢትዮጵያ ደጋም በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባሳልት ነው። ሆኖም በዚህ መንገድ ለአንድ ቶን ጋዝ ከ20 ቶን በላይ ውኃ ያስፈልጋል።

በደን የሚያዘው

የዛፍ ሥራ ከማማው በዋጋ እጅግ ይረክሳል፤ ዋስትናው ግን አነስተኛ ነው። ለዚህ በደንብ የተመዘገበው ምሳሌ በወላይታ የሚገኘው ሁምቦ ነው። በ2006 በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከለለ፤ አብዛኛው ደን የተመለሰው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን ከጉቶና ከሥር ባቆጠቆጠው ነው። ደኑን የሚያስተዳድሩት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተሰላ፤ የዓለም ባንክ ፈንድ ከዚያ ውስጥ 165,000 ቶኑን ከ700,000 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለመግዛት ተዋዋለ። በቶን 4 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም መሆኑ ነው። በ2023 ለኦሮሚያ ደኖች የተፈረመው የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ደግሞ በቶን 10 ዶላር ይመጣል። አንዱ ቶን በአሜሪካ 85፣ በሁምቦ 4 ዶላር የሚያወጣበት ምክንያት በካርቦን ንግዱ ደንብ ውስጥ ተጽፏል፦ የሁምቦ የምስክር ወረቀት «ጊዜያዊ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዛፍ ይቃጠላል፣ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ጊዜው ሲያልቅ በሌላ መተካት አለበት። ምክንያቱ እውነት ነው። ሆኖም የዋጋው ልዩነት ተራራውን ከከብት ከልክሎ ለኖረ ገበሬ ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም።

ቴፒና ሸካ

ቴፒ በሸካ ዞን የየኪ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ስፋቱ ወደ 238,000 ሄክታር ተቆጥሯል፤ በየኪ ቆላማው ክፍል ቡና፣ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ከጥላው ሥር ይለማሉ፣ በማሻና በአንድራቻ ደጋ ቀርከሃና ለነጭ ማር የሚፈለገው የጌተም ዛፍ ይበዛሉ።

እዚህ ካርቦንን መቁጠር የሚያስቸግረው በቡናው ምክንያት ነው። ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ከላይም ጥላውን ያሳሳል፤ ታላላቆቹ ዛፎች ግን ይቀራሉ። ከሳተላይት ሲታይ ደኑ እንዳለ ነው፤ ካርቦኑ ግን ቀንሷል፣ ነገ የሚተኩት ለጋ ዛፎችም ጠፍተዋል። ይህን ቅናሽ ለመያዝ መሬት ላይ ወርዶ ግንድ መለካት የግድ ነው።

ባለመብቱ ማን እንደሆነም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በሸካ ባህል ጉዶና ዴዶ በሚባሉ የአምልኮ ስፍራዎች ዛፍ አይቆረጥም። በቆቦ ሥርዓት ደግሞ አንድ ሰው ወሰኑ በታወቀ የደን ድርሻ ቀፎ የመስቀል መብት ይኖረዋል፤ መብቱም ለልጅ ይተላለፋል። የ1975ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ በኋላ ቆቦ በወረቀት ላይ ቦታ አጣ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2018 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ዓይነት ባለቤትነት ያውቃል፤ በከፋ በቦንጋ ዙሪያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው አሳታፊ የደን አስተዳደርም ውል የሚገባው ከማኅበር ጋር ነው። የካርቦን ክፍያ ሲመጣም በማኅበሩ በኩል ይመጣል። ደኑን በቆቦ ሲጠብቅ ኖሮ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው ድርሻውን የሚያገኘው በመተዳደሪያ ደንቡ አስቀድሞ ስሙ ከተጻፈ ብቻ ነው።