የፎቶግራፍ መሣሪያ ምርጫ፤ ከመቅደላና ከሐይቅ ታሪክ የተገኘ ትምህርት



በግሉ ፎቶግራፍ እያነሣ የሚተዳደር ሰው ሥራው ሲሰፋለት፥ የሠርጉ፥ የክርስትናውና የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ጥሪ ሲበዛለት፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ጥያቄ «ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በየትኛው መሣሪያ ላይ ላውለው?» የሚል ነው። ያለ ቦታው የወጣ ገንዘብ የቤተ ሰብን መተዳደሪያ ይነካልና ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱን ከሱቅ መስኮት ከመፈለጋችን በፊት ግን የወሎን ታሪክ እንጠይቅ።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዚያን ዘመን ሥዕሉ የሚነሣው በብርጭቆ ላይ ነበር፤ ብርጭቆውም መድኃኒት ተቀብቶ፥ ሳይደርቅ ተነሥቶ፥ እዚያው ወዲያው መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ካሜራው ብቻውን አይጓዝም፤ ድንኳኑ፥ መድኃኒቱና ብርጭቆው ሁሉ አብሮት ይጫን ነበር። ይህን ሁሉ ጓዝ ያስመረጠው ሥራው ነው፤ የሰዎቹ ዋና ተግባር ለአዛዦች የካርታና የንድፍ ቅጂ ማባዛት ነበርና። ያው ጦር ግን ከመቅደላ እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት ዘርፎ ሄደ።

ከመቅደላ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ ደግሞ ሌላ መንገድ እናያለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የራሳቸው መልክ ጭምር የተሣለበት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክህነትና በአሜሪካ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ሲያስነሡ፥ ይህም ወንጌል ተነሥቶ በቁጥር 1832 ተመዘገበ። በመቅደላ መጽሐፉ ራሱ ተወሰደ፤ በዚህኛው ግን ለተመራማሪዎች የደረሰው ቅጂው ነው።

ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። እንዲህ ያለው ፊልም በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመታት ይቆያል፤ ጽሕፈቱንም አጥርቶ ያሳያል፤ የሥዕሉን ቀለም ግን ሊነግረን አይችልም። እንግዲህ ሁሉን የሚያሟላ መሣሪያ የለም፤ የሚመረጠውም ዋናው ጉዳይ የቱ እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ባለ ሙያ አስቀድሞ «ሥራዬን የሚያሰናክለው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ጨለማ አዳራሽ ካስቸገረው፥ አዲስ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ሌንስ ወይም የተሻለ ፍላሽ ይፈልግ። የካሜራውን ዓይነት ቢለውጥ ሌንሶቹንም ለመለወጥ ሊገደድ ይችላልና ወጪውን አንድ ላይ ያስላ። ለጥቂት ቀን ተከራይቶ መሞከር ከተቻለም ከመጸጸት ያድናል። የደንበኞቹ ሥዕል ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን፥ ከማናቸውም አስቀድሞ ሁለተኛ ዲስክ ገዝቶ በሌላ ቤት ያስቀምጥ፤ የጠፋ ሠርግ ዳግመኛ አይነሣምና።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች፥ የመሥሪያ ቤታችሁን ሥራ ለፎቶግራፍ አንሺ ስትሰጡ፥ ስለ ካሜራው አዲስነት ከመጠየቃችሁ በፊት ቅጂውን የት እንደሚያኖር ጠይቁት። ታሪክን ለልጅ ልጅ የሚያደርሰው በአግባቡ ተነሥቶ በጥንቃቄ የተጠበቀ ሥዕል ነው።