ቬርሙት

ኔግሮኒና ማንሃተን በሚባሉት ቅልቅል መጠጦች ውስጥ ቬርሙት አለ። ከአገር ወጥቶ ስሙን ሆቴል ውስጥ ለሚሰማ መንገደኛ ብዙ ጊዜ «ጣፋጭ ወይን» ተብሎ ይነገረዋል። ይህ ፍቺ ጎዶሎ ነው፤ ስኳሩ ጥቂት የሆነ ደረቅ ቬርሙትም አለና። ቃሉ የጀርመንኛ ሲሆን የአሪቲ ወገን የሆነ መራራ ዕፅ ስም ነው። የአገራችን ሰው አሪቲን በመዓዛው ስለሚያውቀው፣ ከ«ጣፋጭ» ይልቅ «አሪቲ የገባበት ወይን» ቢባል ቶሎ ይገባዋል። በ1786 እ.ኤ.አ. አንቶኒዮ ካርፓኖ ቱሪን ውስጥ ቬርሙቱን ለገበያ ሲያቀርብ መለያው ይኸው የቅመም መዓዛ ነበር።

«እንዲያማ ከሆነ ጌሾ የገባበት ጠጅስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው በአሠራሩ ነው። ጌሾ ጠጁ ሲፈላ አብሮ ይሠራል። የቬርሙት ቅመም ግን የሚጨመረው ለተዘጋጀ ወይን ነው፤ በላዩም አልኮል ይታከልበታል፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመጠጡ የአልኮል መጠን ከ14.5 በመቶ ጀምሮ ከ22 በመቶ በታች ነው። ፖርት የተባለው የወይን ዓይነትም አልኮል ይታከልበታል፤ ቅመም ግን የለውም። ስለዚህ ፍቺው ሁለቱንም መያዝ አለበት፦ አልኮል የታከለበት፣ በአሪቲ ወገን ዕፅ የተቀመመ ወይን።