የኢየሱሳውያን ማኅበር በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ያለውን ባለ ደርብ የድንጋይ ግንብ የማያውቅ ምእመን የለም። ሰው ሁሉ የአባ ፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይለዋል። ይህ ሰው ማን እንደ ነበረ፥ ማንስ እንደ ላከው ቢመረመር ታሪኩ ከጣና ተነሥቶ እስከ ህንድ ይደርሳል። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

በ1540 በሮማው ጳጳስ ፈቃድ የቆመው የኢየሱስ ማኅበር ዓለምን በየክፍሉ አካፍሎ፥ ለየክፍሉም አለቃ ሾሞ ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያ ተልእኮ ራሱን የቻለ ሳይሆን ፖርቱጋል በህንድ ጠረፍ ይዛው ከነበረው ከጎዋ ክፍል በታች ነበር። ሰውም ገንዘብም ደብዳቤም ከዚያ የሚመጣው የመርከብ ነፋስ ሲነሣ ብቻ ነው። ጕዳቱም ፈጥኖ ታየ፤ ጳጳሱ እንድርያስ ኦቪዬዶ ከባልንጀሮቹ ጋራ በገባበት በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ይዘው መንገዱን ዘጉ። እርሱ በ1577 በትግሬ አገር፥ በፍሬሞና ሞተ፤ የመጨረሻው ባልንጀራውም በ1597 ተከተለው። ጎዋ በእነዚህ 40 ዓመታት ከማኅበሩ አንድ ምትክ ስንኳ ማድረስ አልቻለችም።

ፓኤዝ የእስጳኝ ተወላጅ ነው። በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ተማርኮ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሰረ፤ ይህም ሳያስፈራው በ1603 ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ፥ ከሊቃውንት ጋራ ተከራከረ፥ ለዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠራ፥ በ1618 የዓባይን ምንጭ በግሽ አየ፥ የኢትዮጵያንም ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ ጻፈ። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በግልጥ በተቀበለበት በ1622 ፓኤዝ በጎርጎራ ዐረፈ።

በ1625 በጎዋ በኩል የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። በ1626 ንጉሡንና መኳንንቱን በደንቀዝ ለሮማ ጳጳስ አስማለ፤ ከዚያም ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፥ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፥ ጾሙም እንደ ሮማ ይሁን አለ። ቅኔ ዘርፎ፥ ድጓ አስመስክሮ ያረጀውን መምህር «ክህነትህ ባዶ ነው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ለናንተ መተረክ አያስፈልገኝም። ሜንዴዝ ኋላ ጥቂት ቢያላላም ጊዜው አልፎበት ነበር። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት 8 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተጽፏል። ሱስንዮስም ድል አድርጎ ሳለ፥ የወደቀው የገዛ ወገኑ ስለ ሆነ፥ የአባቶችን ሃይማኖት የሚመልስ ዐዋጅ አስነገረ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፈ። በእኔ አስተያየት ፓኤዝ በሃያ ዓመት ትዕግሥት ያገኘውን ሜንዴዝ በሰባት ዓመት ትእዛዝ አጠፋው።

ዐፄ ፋሲለደስ አባቶቹን በ1634 ከአገር አስወጣ፤ ሜንዴዝም ወደ ጎዋ ተመልሶ በዚያ ሞተ። የኖራው ጥበብ ግን አልተሰደደም። በ1626 መሠረቱ የተጣለው የጎርጎራ ማርያም ግምብ የታነጸው በኖራ ነው፤ እነርሱን ያሳደደው ንጉሥም የጐንደርን ግንብ ያቆመው በኖራ ነው።

ማኅበሩ የተመለሰው በ1945 ነው፤ ያን ጊዜ ከጎዋ ሳይሆን ከካናዳ፥ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ፥ ሊሰብክ ሳይሆን በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሊያስተምር ነበር። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በመጀመሪያ የመሩት ከእነዚሁ መምህራን አንዱ፥ ሉሲየን ማት ናቸው።